ባዶው ቦርሳ፦ የእጅ ቦርሳ ሰብሳቢዎች ምርጫና ግብ ከዘመን ዘመን

ዕቃ የሚሠራው ለአገልግሎት ነው። እንስራ ውኃ ሊይዝ፣ ስልቻ እህል ሊቋጥር፣ ማኅደር መጽሐፍ ሊያቅፍ ይሠራል። ዕቃውን ከአገልግሎቱ ለይቶ፣ ለብቻው አኑሮ መመልከት ግን ሌላ ተግባር ነው፤ ይህም ተግባር መሰብሰብ ይባላል። ሰብሳቢ ዕቃን ከተሠራበት ሥራ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ስለ ማናቸውም ስብስብ ሊነሣ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ወይም «ዋጋው ምን ያህል ነው?» የሚል ሳይሆን፣ «ዕቃው ከሥራው በተሰናበተ ጊዜ በምትኩ ምን ተሰጠው?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ እንደ እጅ ቦርሳ የሚመች ዕቃ ጥቂት ነው። ሥዕል ሲሰቀል፣ ሐውልት ሲቆም ሥራውን እየሠራ ነው፤ ቦርሳ ግን መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ባዶ ነው። ቅርፁን የሚያገኘው ከሚገባበት ነገር፣ ወዙን የሚያገኘው ከሚይዘው እጅ ነው። ታሪኩም የመያዝና የመሸከም ታሪክ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሴቶች የግል ዕቃቸውን የሚያኖሩት ከሰፊው ቀሚሳቸው ሥር፣ በወገባቸው በሚታሰር ኪስ ነበር። በመቶ ዓመቱ ማብቂያ ላይ የጥንታውያን ግሪኮችንና ሮማውያንን አለባበስ የተከተለ ስስና ቀጥ ያለ ቀሚስ ሲመጣ፣ ያ ኪስ መደበቂያ አጣ፤ ወደ ውጭ ወጥቶም በገመድ የሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ሆነ። ፈረንሳዮች ይህን ከረጢት «ሬቲኩል» ሲሉት፣ ቀልደኞች ድምፁን ጠምዝዘው «ሪዲኩል»፣ ማለትም «መሳቂያ» አሉት። እንግዲህ የእጅ ቦርሳ ተሰውሮ የነበረው የሴት ንብረት ወደ አደባባይ የወጣበት ዕቃ ነው። ውስጡ የባለቤቲቱ፣ ውጭው የተመልካቹ ነው፤ የሰብሳቢዎችም ምርጫ የሚወላውለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

የዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹዋቸው ቦርሳዎች መነሻቸው ተራ ሥራ ነው። በ1837 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቲዬሪ ኤርሜስ በፓሪስ ያቋቋሙት ቤት የፈረስ ዕቃ ይሠራ ነበር። የዚያ ሙያ ዋና ምስጢር ስፌቱ ነው። ሰፊው ቆዳውን በወስፌ እየበሳ፣ በሰም በታሸ አንድ የተልባ እግር ክር ሁለት ጫፍ ላይ የታሠሩትን ሁለት መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያሳልፋል። እንዲህ የተሰፋ ቆዳ አንዱ ስፌት ቢበጠስ የቀረው አይተረተርም። ሠረገላ በመኪና ሲተካ ሙያው ወደ ሻንጣና ወደ ቦርሳ ተሻገረ። ከዚያው ቤት በ1930ዎቹ የወጣ አንድ ባለ አንድ እጀታ ቦርሳ፣ በ1956 የሞናኮ ልዕልት የነበሩት ግሬስ ኬሊ እርግዝናቸውን ከፎቶግራፍ አንሺዎች ዓይን ሲከልሉበት ከታዩ በኋላ ዝናው ገነነ፤ በ1977ም በስማቸው «ኬሊ» ተባለ። ጋብርኤል ሻኔል ደግሞ የወሩንና የዓመቱን ቁጥር ይዞ «2.55» የተባለውን ቦርሳ በፌብሩዋሪ 1955 አወጡ። ሰንሰለቱ በትከሻ ላይ እንዲውል የተደረገው የሴት እጅ ነጻ እንዲሆን ነው፤ ገበሩ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ኪሶቹም የተለያዩ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ውበቱ ከአገልግሎቱ የተወለደ ነው። አንዱ የተጠነቀቀው ለስፌቱ፣ ሌላው ለተሸካሚዋ ክንድ ነው።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢ ወደ ቦርሳ የሚቀርበው በዚህ በር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በስም በር ነው። የመጀመሪያው ግዢ ግቡ መታወቅ ነው፤ ቦርሳው ከሩቅ ሲታይ የማን ቤት ሥራ እንደሆነ ሊናገር ይገባዋል። ሠሪዎቹም ይህን ፍላጎት ያውቃሉ። ካርል ላገርፌልድ በ1983 ወደ ሻኔል ቤት ከገቡ በኋላ፣ በቀድሞው ቦርሳ ላይ የነበረው ያለ ምልክት የተሠራ መቆለፊያ በሁለት የተቆላለፉ የሻኔል ፊደላት ተተካ። ሲልቪያ ቬንቱሪኒ ፌንዲ በ1997 ያወጡት፣ እንደ ፈረንሳይ ዳቦ በብብት ሥር የሚያዘው «ባጌት»ም ፊት ለፊቱ ጉልህ የሆነ የቤቱን ምልክት ይዞ፣ በየጊዜው በልዩ ልዩ ቀለምና ጥልፍ ይቀርብ ነበር። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰብሳቢ ዘመኑን ይከተላል እንጂ ምርጫ አለው ለማለት ያስቸግራል። ቦርሳው የባለቤቲቱን ዕቃ ከመሸከሙ በፊት የሠሪውን ስም ይሸከማል። ነገር ግን ይህን ደረጃ መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ከስም ያልጀመረ ዐዋቂ ጥቂት ነውና።

ሁለተኛው ደረጃ የማሟላት ደረጃ ነው። ሰብሳቢው አንዱን ካገኘ በኋላ ጎዶሎውን ማየት ይጀምራል። ጥቁሩ ካለ ቀዩ የለም፤ ትልቁ ካለ ትንሹ የለም፤ የጥጃው ቆዳ ካለ የሰጎኑ የለም። በርኪን የተባለው የኤርሜስ ቦርሳ ከሥሩ ስፋት በሴንቲሜትር እየተቆጠረ 25፣ 30፣ 35 እና 40 ተብሎ ይታወቃል፤ ቀድሞ ወረቀትና መጽሐፍ የሚይዙት 35 እና 40 ይፈለጉ እንዳልነበር፣ በቅርብ ዓመታት ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ትንሹን 25 ነው። ቆዳው ያው፣ ስፌቱ ያው ሆኖ ሳለ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ እያንዳንዱ ሰብሳቢ «የመጨረሻ ምኞቴ» የሚለው አንድ ቦርሳ አለው። ያም ቦርሳ በተገኘ ማግሥት የመጨረሻነቱን ለሌላ ያስረክባል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው በሰብሳቢ ላይ በየዕለቱ ይፈጸማል። የዚህ ደረጃ ድክመት ስስት ብቻ አይደለም። ሰብሳቢው ያለውን ትቶ የሌለውን ብቻ ስለሚያይ፣ በእጁ የገባው ቦርሳ በደንብ ሳይታይ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል።

ሦስተኛው ደረጃ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ይኸውም የዕውቀት ደረጃ ነው። እዚህ የደረሰ ሰብሳቢ መሸጥ ይጀምራል። ዐሥሩን ሰጥቶ አንዱን ይይዛል። ስም መጠየቁን ትቶ ስፌት ይቆጥራል፤ የቆዳውን ዘር ለይቶ በጣቱ ያውቃል፤ ማኅተም ያነባል። ለምሳሌ ያህል የኤርሜስ ሠራተኞች በቆዳው ላይ የሚያትሙት የዓመት ፊደል ከ1971 እስከ 1996 በክብ፣ ከ1997 እስከ 2014 በአራት ማዕዘን የተከበበ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ቦርሳውን እንደ ሰነድ ያነበዋል። የሻኔል ቤት በ2005 የ2.55ን 50ኛ ዓመት ለማሰብ የቀድሞውን ቅርፅና ምልክት የለሹን መቆለፊያ መልሶ ሲያወጣ፣ ደስ ብሏቸው የተቀበሉት እንዲህ ያሉ አንባቢዎች ናቸው። ቀድሞ ስም ባለመታየቱ የሚያፍረው ሰብሳቢ አሁን ስም ባለመታየቱ ይኮራል። ምርጫ ወደ ሂስነት የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ሆኖም ዕውቀት ብቻውን ከገበያ አያድንም፤ እንዲያውም ገበያው ዐዋቂውን ይፈልገዋል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ቦርሳ እንደ ሥዕልና እንደ ጌጥ በታላላቅ የሐራጅ ቤቶች ይሸጣል። ክሪስቲስ የተባለው ድርጅት በ2017 በሆንግ ኮንግ ከተማ «ሂማላያ» የሚባለውን በርኪን ከ370 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ፣ በ2021 ደግሞ በዚያው ከተማ የዚያኑ ዓይነት ኬሊ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ሸጧል። «ሂማላያ» የተባለው ቆዳው ከግራጫ ወደ ነጭ እየፈዘዘ በረዶ የለበሰ ተራራ እንዲመስል ሆኖ ስለተቀለመ ነው፤ ቆዳው ግን ስሙን ከዓባይ ወንዝ ያገኘው የአፍሪካ አዞ ነው። የአፍሪካ አውሬ ቆዳ በፈረንሳይ እጅ ተሰፍቶ፣ የእስያ ተራራ ስም ወጥቶለት፣ ማንም ሳይዘው ከሣጥን ወደ ሣጥን ይተላለፋል። በዚህ ገበያ ከፍተኛው ሙገሳ «ያልተነካ» የሚለው ቃል ነው። መቆለፊያው ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ካልተላጠ፣ ከነሣጥኑና ከነጨርቅ ከረጢቱ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ዕውቀቱ ሁሉ የሚውለው ቦርሳው ቦርሳ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

የዚህ አካሄድ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ መደመጥም ይገባዋል። ቆዳ ይደርቃል፤ ቀለም ይለቃል፤ ክር ይበሰብሳል። አንዱ ትውልድ ያልነካውን ካላስቀመጠ ቀጣዩ ትውልድ የእጅ ባለሙያው ሥራ ከእጁ ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር ሊያውቅ አይችልም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያልተነካው ቦርሳ የሚመሰክረው የሠሪውን ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው፤ የተሸካሚው ግማሽ ገና አልተጻፈም።

የዚህ ሁሉ ክርክር መፈተኛ የሆነው ጁላይ 10 ቀን 2025 በፓሪስ ሶተቢስ በተባለው የሐራጅ ቤት የቀረበው አንድ ጥቁር ቦርሳ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከፓሪስ ወደ ለንደን በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር ተወልደው በፈረንሳይ ዝናን ያተረፉት ተዋናይትና ዘፋኝ ጄን በርኪን ከኤርሜስ ቤት ኃላፊ ከዣን ሉዊ ዱማ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለአንዲት ወጣት እናት የሚበቃ ቦርሳ አጣሁ ብለው አማረሩ። በዚያን ጊዜ ጄን በርኪን የሚታወቁት ዕቃቸውን በሰበዝ ቅርጫት ይዘው በመዞር ነበር። ሁለቱ ተነጋግረው፣ ለሚያስመልሰው ተሳፋሪ በሚቀመጠው የወረቀት ከረጢት ላይ ንድፍ ተነደፈ። ቦርሳው ተሠርቶ ሲደርሳቸው ክዳኑ ላይ የስማቸው ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ታትመውበት ነበር። ለዐሥር ዓመት ገደማ ያዙት። ጥፍር መቁረጫ አንጠለጠሉበት፤ የሚደግፏቸውን የእርዳታ ድርጅቶች ተለጣፊ ወረቀት ለጠፉበት፤ አጨናነቁት፤ አጎበጡት። በ1994 ለኤድስ መከላከያ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ይሸጥ ብለው ሰጡት። በ2000 አንዲት የፓሪስ ሰብሳቢ ገዝተው ለ25 ዓመታት ጠብቀው አቆዩት፤ በሙዚየም ዐውደ ርእይም ለሕዝብ ታየ። ጄን በርኪን በ2023 ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐራጁ በአንድ ሚሊዮን ዩሮ ተከፍቶ፣ ከነኮሚሽኑ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ፣ ማለትም ከ10 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ፣ አንድ የጃፓን ገዢ ወሰደው።

ይህ ዋጋ በ2021 ከተሸጠው ያልተነካ ኬሊ ዋጋ ወደ ሃያ እጥፍ ይጠጋል። የተሸጠው ግን የተቧጨረ፣ የወየበ፣ የተለጣፊ ወረቀት ጠባሳ ያለበት ቦርሳ ነው። ያልተነካውን ሲያወድስ የኖረው ገበያ ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ የከፈለው ከሁሉ ይበልጥ ለተነካው ነው። እርግጥ ነው፣ ዝና የራሱ ዋጋ አለው፤ የማይታወቅ ሰው ያጎበጠው ቦርሳ ይህን ዋጋ አያወጣም። ቢሆንም ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ሳያስቡት የሰጡት ፍርድ ግልጽ ነው፦ ቦርሳ ሙሉ ሰው የሚሆነው፣ ለማለት ያህል፣ ሲኖር ነው። ጄን በርኪን ሰብሳቢ አልነበሩም፤ የነበራቸው ግብ ዕቃቸውን መያዝ ብቻ ነበር። ሰብሳቢዎቹ ሊገዙት የፈለጉትም ይህንኑ፣ እነርሱ ለራሳቸው ቦርሳ የነፈጉትን ሕይወት ነው።

ከገበያው መንገድ ወጥተው ግባቸውን የለወጡ ሰብሳቢዎችም አሉ፤ ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። በኔዘርላንድስ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ የነበሩት ሄንድሪክዬ ኢቮ በእንግሊዝ አገር አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ በ1820ዎቹ የተሠራ፣ ከኤሊ ቅርፊት የተበጀና በሚያብለጨልጭ የዛጎል ፈርጥ ያጌጠ ቦርሳ አግኝተው ገዙ። በመጀመሪያ የማረካቸው ውበቱ ነበር፤ ቀጥለው ግን ማን ያዘው፣ ለምን እንዲህ ተሠራ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ የገዙት መልስ ፍለጋ ነው። ከባለቤታቸው ጋር ሆነው በ1996 በአምስቴልፌን ከተማ ለሕዝብ የከፈቱት ስብስብ በ2007 በአምስተርዳም በሄረንግራኽት ቦይ ዳር ወደሚገኝ ጥንታዊ ቤት ተዛውሮ የቦርሳ ሙዚየም ሆነ፤ የዕቃውም ቁጥር ከ5 ሺህ በላይ ደረሰ። ከቀደምቶቹ መካከል አንዱ በ16ኛው መቶ ዓመት ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ 18 ኪሶች ያሉት፣ ከኪሶቹም አንዳንዶቹ በስውር የሚዘጉ የወንድ ቦርሳ ነበር። ይህ አንድ ዕቃ ብቻ የእጅ ቦርሳ የሴት ጌጥ ነው የሚለውን ልማዳዊ አስተያየት ለማፍረስ ይበቃል። በዚህ ስብስብ ውስጥ ጎዶሎ ማለት ያልተገዛ ቀለም አልነበረም፤ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛዋ ጁዲት ላይበር ናቸው። በ1921 በቡዳፔስት ተወልደው፣ እዚያው የቦርሳ ሥራ ሙያ ተምረው፣ ከናዚዎች ፍጅት ተርፈው፣ ከአሜሪካዊው ባለቤታቸው ከሠዓሊው ጌርሰን ላይበር ጋር ወደ ኒው ዮርክ የተሻገሩት እኒህ ሴት በ1963 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1967 ያሠሩት የብረት ቦርሳ ልባጡ ተበላሽቶ ሲደርሳቸው ነውሩን በክሪስታል ፈርጥ ሸፈኑት፤ የዝናቸው መነሻም ይኸው የተሸፈነ ነውር ሆነ። ከዚያ በኋላ የእንስሳ፣ የወፍ፣ የፍራፍሬ ቅርፅ ያላቸው፣ በሺህ በሚቆጠር ፈርጥ የተለበዱ ትንንሽ ቦርሳዎች ከእጃቸው ወጡ። ድርጅቱን በ1993 ሸጠው ሥራውን ከተዉ በኋላ፣ በዘመናቸው የሸጧቸውን ቦርሳዎች ከሐራጅና ከሻጭ መልሰው ይገዙ ጀመር፤ በ2005ም በኢስት ሃምፕተን ሙዚየም አቆሙላቸው። የላይበር ቦርሳ ከመሐረብና ከከንፈር ቀለም በላይ አይዝም ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል፤ ነቀፋው ትክክል ነው። ነገር ግን ሠሪዋ ሐውልት እንጂ ከረጢት ነው ብለው አላታለሉም። በስተርጅና የሰበሰቡትም ንብረት አልነበረም፤ የገዛ እጃቸውን የሥራ ዘመን ነው። ከሁለቱ ግን የኢቮ መንገድ ይበልጣል። የላይበር ስብስብ አንዲት ታላቅ ሠሪን ያስተዋውቃል፤ የኢቮ ስብስብ ስማቸው ያልተመዘገበ ሠሪዎችንና ተሸካሚዎችን ያስተዋውቃል።

የሚያሳዝነው የበለጠው መንገድ የጸና አለመሆኑ ነው። የአምስተርዳሙ ሙዚየም በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጎብኚ ሲያጣ ለዘለቄታው ተዘጋ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ምሽፍ የተባለ የአሜሪካ የጥበብ ቡድን ከጨው ቅንጣት የሚያንስ፣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ቦርሳ የሉዊ ቪቶንን ምልክት አኑሮበት በሐራጅ አቀረበ፤ በ63,750 የአሜሪካ ዶላርም ተሸጠ። ቡድኑ ያቀረበው ሽሙጥ ነው፤ ገዢ መገኘቱ ግን ሽሙጡን ወደ እውነት ለወጠው። ከቦርሳው መያዣው፣ ኪሱ፣ ሆዱ ሁሉ ጠፍቶ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። 5 ሺህ የሰው ልጅ የመሸከም ምስክሮች በራቸው ሲዘጋ፣ ምንም የማይሸከም አንድ ነጥብ ገዢ አገኘ። የሰብሳቢነት ጉዞ ከስም ተነሥቶ፣ በዕውቀት አልፎ፣ ተመልሶ ወደ ስም ሊገባ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ወጣት ሰብሳቢዎች በአዲስ ቦርሳቸው ላይ ጨሌ፣ ቁልፍ መያዣ፣ ሪባንና አሻንጉሊት ማንጠልጠል ጀምረዋል፤ የጄን በርኪንን አያያዝ ለመምሰል ነው። በአንድ በኩል ይህ ደስ ያሰኛል፤ ያልተነካ የሚለው ቃል ሥልጣኑ መናወጡን ያሳያልና። በሌላ በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የጄን በርኪን ጥፍር መቁረጫ የተንጠለጠለው ጥፍር ሊቆረጥበት ነው። ለመታየት የተገዛ ጨሌ ግን የኖረ ቦርሳ ለማስመሰል የሚለጠፍ ሌላ ምልክት ብቻ ነው። ዘመን የሰጠውን ጠባሳ በአንድ ቀን ከሱቅ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም።

እንግዲህ የሰብሳቢ ምርጫ መለዋወጡ በራሱ ነውር አይደለም፤ የማይለወጥ ምርጫ ያልተመረመረ ምርጫ ነው። ነውሩ ለውጡ ከመጠን ወደ መጠን፣ ከቀለም ወደ ቀለም፣ ከዋጋ ወደ ዋጋ ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው። እውነተኛው ለውጥ የጥያቄ ለውጥ ነው። «ምን ይጎድለኛል?» ብሎ የጀመረ ሰብሳቢ «ይህ ምን ይዞ ነበር?» ወደሚለው ሲደርስ፣ ከሥራው ያሰናበተውን ዕቃ ሌላ ሥራ ሰጥቶታል፤ ምስክር አድርጎታል። እዚህ ላልደረሰ ግን መድኃኒቱ ቅርብ ነው። ከመደርደሪያው አንዱን ያውርድ፤ ላስቲኩን ይላጥ፤ ቁልፉን፣ መሐረቡን፣ ያልተከፈተውን ደብዳቤ ይክተትበትና ይዞት ይውጣ። ያ ኮርቻ ሰፊ በሁለት መርፌ የደከመው አንዱ ክር ሲበጠስ ሌላው እንዲይዝ ነበር፤ ክር ደግሞ በሣጥን ውስጥ አይበጠስም።